ድሩ የናንተ፣ ገጹ የኔ

አይ፣ ጥርሶቹ የራሴ ናቸው። አስተክላ ነው ወይ የሚል ሰው ቢኖር፣ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከታች አንዷ ብቻ ጎድላለች፣ እሷም ፎቶው ላይ አትታይም። ይቺን ካጠራሁ ዘንድ አሁን ወደ ሰላምታዬ ልግባ።

ለተከበሩ አቶ አስናቀው፣ የ«ቀጥ ያለ መስመር» የስልክና የኢንተርኔት ገመድ ዝርጋታ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፤ ጎንደር።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ያ ረጅሙ መሰላልዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅንነቴንማ ከእኔ ቀድማችሁ ለዓለም ያበሰራችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ምስጋናዬን ከየት እንደምጀምረው ቸግሮኛል። የልጅ ልጄ ረውዳ ስልኳ ላይ ድረ ገጻችሁን ከፍታ ስታሳየኝ፣ እዚያ ውስጥ አፌን ከፍቼ ስስቅ ራሴን አገኘሁት። ከሥሬም «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እመኗቸው፤ ሥራቸው እንደ ስማቸው ቀጥ ያለ ነው። ወ/ሮ ሐዲጃ፣ ደስተኛ ደንበኛችን፣ አዲስ ዓለም» ይላል። እንዴት ያለ ሸጋ ንግግር ነው! እኔ ተናግሬው ቢሆን ኖሮ እንዴት በኮራሁበት።

እኔን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ እዚሁ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሠፈር ውስጥ አርባ ዓመት ክር የሸጥኩ ሴት ነኝ፤ የሸማኔ ድርና ማግ፣ የጥልፍ ክር፣ ሐሩም ጥጡም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እጅ ጽሑፌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ፤ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ከዘረጋችሁት ገመድ የባሰ አልተንጋደደም።

መሥሪያ ቤት ቁጥር ይወዳል ሲሉ ስለሰማሁ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሳቄ። ግንቦት ላይ ኢንተርኔት ልታስገቡልን መጣችሁ፤ እሰየው። ፋንታሁን የሚባለው ሠራተኛችሁ ገመዱን ይዞ ጣራ ውስጥ ገባ። ከታች የቆመው አለቃው «ግራ! ወደ ግራ!» ይለዋል፤ እሱ ከላይ «የማን ግራ?» ይላል። የማን ግራ እንደሆነ ሳይስማሙ ኮርኒሴ ጧ አለና የፋንታሁን አንድ እግር ከነጫማው ከራሴ በላይ ተንጠለጠለ። ሳቅኩ። ምነው አልስቅ? አለቃው ደግሞ ልጁን እንደማውረድ ስልኩን አውጥቶ እኔን ፎቶ አነሳኝ። ስለዚህ አቶ አስናቀው፣ ፎቶውን ወደ ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ብትለጥፉት ኖሮ፣ ደንበኛዋ በምን እንደተደሰተች ሕዝቡ በቀላሉ ይረዳው ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ድራችሁ። ረውዳ «ድረ ገጽ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ድር ከሆነ የኔ ሥራ ነው ብዬ። ድር ማለት ሸማኔው ቁመቱን የሚወጥረው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ በመካከሉ እየተመላለሰ ጨርቅ የሚያደርገው። ድሩን ብቻ ወጥሮ የተወው ሸማኔ ከሩቅ ጨርቅ የሠራ ይመስላል፤ እጅ ሲሰዱበት ግን እጅ ያልፋል። እጄን ሰደድኩበት። ቢጫ ቆብ የደፋ ፈረንጅ ይስቃል፤ ይህ ማነው ብል ረውዳ ማንም አይደለም አለችኝ። «የሃያ ዓመት ልምድ» ይላል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ቢሯችሁ ሳሙና ቤት ነበር፤ እኔ ራሴ ሳሙና ገዝቼበታለሁ። «አድራሻ፦ ጎንደር» ይላል፤ ጎንደር እኮ ሸጋ ሰፊ ከተማ ነው፤ ሳሙና ቤቱን የማያውቅ ሰው በየትኛው በኩል ይሩጥ? «ሃያ አራት ሰዓት እናገለግላለን» ይላል፤ ስልኩ ግን አይነሳም። ምናልባት ሃያ አራቱ ሰዓት ባለፈው ዓመት አልቆ ይሆናል።

ከሥር «ጥያቄ አለዎት? ይጻፉልን» የምትል ሳጥን አለች። ጻፍኩ። ወዲያው «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለ መልካም አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። ወላሂ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ተቀምጦ ይጠብቀናል ብዬ ሁለተኛ ጻፍኩ፤ ያንኑ ቃል መለሰልኝ። ተጠራጠርኩና በሦስተኛው «ቢሯችሁ ውስጥ ጅብ ገብቷል» ብዬ ላክሁ። ስለ መልካም አስተያየቴ ተመሰገንኩ። ይህንን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በሱቄ በርና በናንተ በር የምለጥፈው ለዚሁ ነው፤ ጅቡ ካልበላችሁ ታነቡታላችሁ።

ሦስተኛውን ሳቅ እያልኩ ልጽፈው አልቻልኩም።

ድብ ባሕር በምትባለው የመንገድ ከተማ ውስጥ የትነበርሽ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። በመኪና መንገዱ ዳር ስድስት ክፍል አልጋ ቤት አላት፤ በትርፍ ጊዜዋ ቀሚስ ትጠልፋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር ከኔ ነው የምትወስደው። አንድ ቀን መጥታ መርጣ አታውቅም። የአውቶቡሱን ሾፌር አያ ውዱን «ለሐዲጃ የደም ቀይ በላት» ትለዋለች፤ እኔ ጠቅልዬ፣ በራሴ ቋጠሮ ቋጥሬ እሰጠዋለሁ። እሷ ሳትፈታው ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ የምትፈታው መርፌ ስትይዝ ነው። ክሬ ቀለም ለቆባት አያውቅም፤ ብዬ የላክሁት ቀይ ቡኒ ሆኖባት አያውቅም። የትነበርሽ በቤተ ክርስቲያኗ ትምላለች፣ እኔ በአላህ፤ በመሐላችን ግን መሐላ ተፈልጎ አያውቅም።

ይቺው የትነበርሽ ለሰሜን ተራራ መንገደኞች ኢንተርኔት ላስገባ ብላ፣ ማን ይሻላል ስትል፣ ልጇ ጽጌሬዳ ድረ ገጻችሁን አሳየቻት። እኔን አየችኝ። «ሐዲጃ እመኗቸው ካለች ምን እጠይቃለሁ?» ብላ እንኳን ልትደውልልኝ፣ ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨፍኑ ብያለኋ!

በሐምሌ ሄዳችሁ ስድስቱንም ግድግዳ ከውጭ ወደ ውስጥ በሳችሁ። ገመዱን እስከ በሩ ሳባችሁና «የቀረውን ነገ» አላችሁ። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። ዝናቡ ግን በቀኑ መጣ፤ ባዘጋጃችሁለት ቀዳዳም በክብር ገባ። ፍራሾቹ ራሱ፤ ተኝተው የነበሩ ሁለት እንግዶች ተነሥተው ሄዱ። አቤት ልትል ብትደውል ማኅበሩ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» መሆኑን ነገራችኋት አሉ። ስማችሁ ላይ ሳየው የሕግ ቃል መስሎኝ ነበር፤ ለካ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ኖሯል! የትነበርሽ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ነው የተወሰነው።

እሷ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ሰላምታዋን ብቻ አቆመች። ባለፈው ወር አያ ውዱ ጥቅሌን ሲያደርስላት እዚያው አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ፣ ሰው እያየ፣ ቋጠሮውን ፈትታ ክሩን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ አንሥታ አየችው። ሾፌሩ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልታየ ክር ታየ፣ አቶ አስናቀው። በኛ ዘንድ የሐሰት ምስክርነት ከከባዱ ወንጀል ነው፤ እናንተ ግን እኔ ሳላውቀው፣ በነፃ፣ ከነጥርሴ አስመሰከራችሁኝ። ድሩ የናንተ ነው፤ ገጹ ግን የኔ ፊት ነው።

አራተኛ፣ መቼም መውቀስ ብቻ ደግ አይደለምና፣ የሚታመን ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ ልምከራችሁ። ያልተማረች ሴት ምን ታውቃለች አትበሉ፤ ገዢ ሱቄ ሲመጣ ክሬን ሳብ አድርጎ ይበጥሰዋል፣ በምራቁ አርሶ በነጭ ጨርቅ ያሸዋል፣ ከዚያ ነው የሚወስደው። እናንተም ስበን የምንፈትናትን ክራችሁን አውጡልን። ፈረንጁን አውርዱና ቤታችን የሚገቡትን ሰዎች ከነስማቸው ስቀሉ፤ በሬን ስከፍት ማን እንደመጣ ልወቅ። የሠራችሁትን ቤት ከመሥራታችሁ በፊትና በኋላ አሳዩ። የበሳችሁትን ማን እንደሚደፍን፣ በስንት ቀን እንደሚደፍን ጻፉ። ቢሯችሁ ከየትኛው መስጊድ ወይም ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደሆነ ጻፉ። ሰው ሲመሰክርላችሁ ቃሉን ከአፉ ውሰዱ፤ ደግሞም ያጠፋችሁበትን ሰው ጨምሩበት። አንድም ቀን ቀለሙ አልለቀቀብኝም የሚል ክር ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሽሹ። እኔ ራሴ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት አንድ ሰማያዊ ለቆብኛል፤ የወሰዱትን ሁሉ በየቤታቸው ዞሬ ቀይሬያለሁ። ሰው እስከዛሬ የሚያወራልኝ ያንን ሰማያዊ ነው።

ምስክርነት ካማራችሁ ደግሞ እውነተኛውን እነሆ፣ ልክ እንዳለ ለጥፉት፦ «ፋንታሁን እግሩን ኮርኒሴ ውስጥ ሰደደ። በማግስቱ እሑድ፣ ማንም ሳይልከው፣ ጀሶና ሚስማር ይዞ መጣ፤ ‹እማማ፣ የትናንቱ እግር ነኝ› አለኝ። ኮርኒሴን ጠግኖ፣ ሲጨርስ በገመዱ በሁለቱም ጫፍ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጽፎ ለጠፈበት። ሐዲጃ።» ይህን ሰው ግን ሥራ ታዘገያለህ ብላችሁ አሰናብታችሁታል። አመሰግናለሁ፤ ባታሰናብቱት ኖሮ ሥራ ፈትቶ አላገኘውም ነበር። ሐሙስ ዕለት ወደ ድብ ባሕር ልኬዋለሁ፤ ቀዳዳውንም ይደፍናል፣ መስመሩንም ይጨርሳል። አብሬ አንድ ጥቅል የደም ቀይ ክር በራሴ ቋጠሮ ልኬያለሁ። እስካሁን ወሬ የለም። ከድብ ባሕር የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር ገዢዬን ትቼ ደጅ እወጣለሁ፤ ይህንን ግን ድረ ገጻችሁ ላይ አትጻፉብኝ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ፊቴን አውርዱልኝ፤ ባወረዳችሁበት ቦታም «ይህቺ ሴት ይህንን አላለችም» ብላችሁ ጻፉበት፤ በትልቁ፣ የትነበርሽ ያለ መነጽር እንድታነበው።

ገመዳችሁ እንዳይበጠስ፣ መሰላላችሁ እንዳይንሸራተት፣ ስልካችሁም አንድ ቀን ይነሣ ዘንድ ዱዓ እያደረግሁ፣ ሳልጠየቅ ደስተኛ የተደረግሁት፣ ሳልናገር የተመሰገንኩት፣

ሐዲጃ የክሯ፣ አዲስ ዓለም፣ ነሐሴ 2006 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በታች የጨመርኳት አምስተኛ፦ ባለፈው ሳምንት ረውዳ ፎቶዬ ሥር አምስት ኮከብ አሳየችኝ። እኔ የሰጠኋችሁ ነው አሉ። አምስት ኮከብ ለማየት እንኳ የትነበርሽ አልጋ ላይ ተጋድሞ በቀዳዳችሁ ማየት ይበቃ ነበር፤ ደመና ባይሆን። ስለዚህ ኮከቦቹንም ጭምር እንድታወርዱ እያልኩ፣ ሌላም ስድስተኛ ነጥብ ነበረኝ፣ እሷም ስለ

ረውዳ ከደጅ እየተጣራች ነው። በሩን የሚደበድብ ሰው አለ። ቆይ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። የድብ ባሕር ድምፅ ነው። «አንቺ ሐዲጃ! ጥርስሽን በኢንተርኔት ከምታሰጪ ወጥተሽ በር ክፈቺ! ልጁ ቀዳዳውን ደፍኗል፤ ቀዩ ክር አልቆብኛል!»

አልቆብኛል አለች፤ ሰምታችኋል? ስድስተኛው ይቅር።