ከበረቱ ጀርባ ያለው ረባዳ

ለውድ ልጄ ለሶልቬግ፣ ጃፓን ድረስ የጌታ ጥላ ይከተልሽ። እኔም አባትሽም ደህና ነን። ጉንፋኑ ለቀቀኝ፤ ድመቷም ወልዳለች።

እዚህ ዊስኮንሲን በረዶው ቀልጧል። ዘንድሮ ግን በብርዱ ወራት መሀል ዝናብ ዘንቦ፣ ውሃው እንዳለ ጠጥሮ በረዶ ሆነና የላሞቹ መኖ አልፋልፋው ላይ ተኝቶበት ከረመ። ያለፈው ዓመት ድርቆሽ እያለቀ ነው።

አባትሽ እንደ ልማዱ ከማሳው የአልፋልፋ ሥሮች ነቅሎ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ በቢላዋ ሰነጠቃቸው። ሁሉም ውስጡ እንደ ድንች ነጭ፣ ጤነኛ ነው።

"አየሽ? ላሞቹ ዘንድሮም ጠግበው ያድራሉ። አንቺ ሟርት ትወጃለሽ!" ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅ ግን ዓይኔን አላየኝም።

ትናንት ከተማ ሲሄድልኝ ከበረቱ ጀርባ ወዳለው ረባዳ ወረድኩ፤ ውሃ የሚተኛበትን ታውቂዋለሽ። አልፋልፋው ከላይ ሲያዩት ለምለም ነው። ሳብ ሳደርገው ግን ያለምንም ትግል ተነቅሎ መጣ፤ ሥሩ እንደ በሰበሰ ገመድ ጠቁሯል። ሌላም ነቀልኩ፣ ያው ነው። ያቺን ቅጠል ያወጣው በተረፈችው ስንቁ ነው፤ ብዙም አይቆይም።

ልመለስ ስል ነው ያየሁት። አፈሩ እዚህም እዚያም በአካፋ ተቆፍሮ፣ ተመልሶ በጫማ ተረግጧል። ለካ አባትሽ ቀድሞኝ አይቶታል።

እባክሽ እሁድ ደውይለት። ስለ ማሳው አታንሺበት፤ ብቻ አጫውቺው። ማወቄንም እንዳትነግሪው፤ እኔም የነቀልኩበትን ደፍኜ፣ ረግጬ ነው የተመለስኩት።

ወጥተሽ በሰላም ግቢልኝ።

እናትሽ