ከአንድ ሊጥ የወጡ ሁለት ዳቦዎች ጉዳይ

ለሰፈራችን የመጋገር ወዳጆች ማኅበር ክብርት ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ የሥራ አመራር አባላቱም፣ ያ ግዙፍ ኦቭናችሁም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከትንሽ ቅናት በስተቀር ደህና ነኝ። ትንሽ ያልኩትም ለትሕትና ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ እኔና ታናሽ እህቴ የማኅበሩ አባል ለመሆን አብረን አመልክተን ነበር። በደንባችሁ መሠረት አመልካች ሁሉ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ያቀርባል፤ ዳቦው ከተወደደ ጨርቁ ማኅበሩ ዘንድ ይቀራል፣ ካልተወደደ ደግሞ ዳቦው በዚያው ጨርቅ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ ይመለሳል። የእህቴ ጨርቅ ቀረ። የእኔ ዳቦ በክብር ተጠቅልሎ ቤቱ ገባ። ለዚህ ውሳኔ ያለኝን ምስጋና እና ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የማኅበሩ ዋና ቀማሽ የሆኑት የተከበሩ የጥርስ ሐኪም የእህቴን ዳቦ ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጥመው፣ ለስላሳና ትዕግሥት የሚሰማበት መሆኑን መስክረዋል። የእኔን ደግሞ ደረቅ፣ ሆምጣጣ፣ የችኩል ሰው እጅ ያለበት ሆኖ አግኝተውታል። እንግዲህ ልብ ይበሉልኝ፤ በዚያ ሳምንት የእህቴ ኦቭን ተበላሽቶ ስለነበር፣ እኔና እሷ በእኔው ማድ ቤት አንድ ሊጥ አብረን አቡክተን፣ በቢላ ለሁለት ከፍለን፣ በአንድ ኦቭን ጎን ለጎን ነው የጋገርነው። ቢላዬ ትዕግሥቱን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቆርጦ እንደሰጠ ለይቶ ያወቀ ምላስ ሊደነቅ ይገባዋል። ለጥርሴም ቢሆን ወደ እርሳቸው አልሄድም፤ የታመመውን ትተው ጤነኛውን ይነቅሉብኛል ብዬ እሰጋለሁ።

2. ይህ ከዳቦው ይብሳል። እህቴ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ እዚያው አጠገቤ ቆማ ትንፍሽ አላለችም። እንዲያውም አጨበጨበች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የእኔና የእሷ ነበር፤ ሊጡን አቡክተን፣ ኩፍ እስኪል ቁጭ ብለን የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እናማ ነበር (ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ እርስዎም አልቀሩብንም)። አሁን ቅዳሜዬን ማኅበሩ ወስዶታል። እህቴም ከእናንተ ጋር እፍ ክንፍ ብላለች። ተሽቀርቅራ በመስኮቴ በኩል ስታልፍ እጇን ታውለበልብልኛለች፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ አውለበልባለሁ። ክብርት ሊቀመንበር፣ ቀንቻለሁ፤ አንጀቴ እርር ድብን ብሏል። የሰው እህት መውሰድን የሚፈቅድ አንቀጽ በደንባችሁ ውስጥ ካለ ቅጂው ይላክልኝ።

3. ልብስ ሰፊ መሆኔን አስታውሳችሁ የአባላቱን ሽርጥ ሁሉ እንድሰፋ ማዘዛችሁ ትልቅ ክብር ነው። ዳቦዬ ከተመለሰበት ክፍል ስፌቴ ይገባል ማለት ነው፤ ምን ይሳነኛል! በየደረታቸው ላይ አበባ ጥለፊ ባላችሁኝ መሠረት ጠልፌያለሁ። የእህቴን ስጠልፍ መርፌው ጣቴን ደጋግሞ ወጋኝ፤ የእርስዎን ስሰፋ ግን እጄ ቀጥ ብሎ ነበር። ወገቡን ትንሽ አጥብቤዋለሁ፤ ስለ ጤንነትዎ በማሰብ ነው።

4. ሽታው። በስብሰባችሁ ዕለት የዳቦው ሽታ መንገዱን ተሻግሮ ከስፌት መኪናዬ ድረስ ይመጣል፤ እሱስ ግድ የለም፣ ደንበኞቼ ወደውታል። ችግሩ ከሽታው ጋር የእህቴ ሳቅ አብሮ መምጣቱ ነው። እኔ ባልነገርኳት ቀልድ ስትስቅ መስማት እንዴት እንደሚያደርገኝ በቃላት ለመግለጽ ያቅተኛል። ስለሆነም፣ የሚቻል ከሆነ፣ ሽታውን ለቃችሁ ሳቁን እንድትዘጉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ማኅበራችሁ ኩፍ ብሎ እንዲኖር፣ የኩራታችሁም መጠን እንዳይቀንስ ከልብ እየተመኘሁ፣

ዳቦዋ በንጹሕ ጨርቅ የተመለሰላት፣ ከመንገዱ ማዶ ሆና ሽታችሁን የምትካፈል፣
ታዛዥ ልብስ ሰፊያችሁ

ማስታወሻ፦ ዋናው ነገር ተዘንግቶኝ! ትናንት እህቴ ባዶ ብልቃጥ ታቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ ደጄ ላይ ቆማ አገኘኋት። ለካስ ማኅበሩ በየስብሰባው የሚመካበት እርሾ እሷ ከእኔ ቤት ወስዳ ያመጣችላችሁ፣ እናታችን ያቆየችልን እርሾ ኖሯል። ሙቀት ይወዳል ብላችሁ የጋለ ኦቭን ላይ አስቀምጣችሁ ገደላችሁት አሉ። የሐዘናችሁ ተካፋይ ነኝ። ዳቦዬን ሆምጣጣ ያሰኘው ያው የእናታችን እርሾ ግን እኔ ዘንድ በሙሉ ጤንነት ይገኛል፤ የጥርስ ሐኪሙንም ሰላም ብሏል። መቼም አልጨክንባችሁምና ብልቃጡን ሞልቼ አስቀምጬዋለሁ። የሚሰጠው ግን ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ነው፣ በስብሰባችሁ ሰዓት፣ ያውም ለእህቴ ብቻ፣ ሊጡን አብራኝ ካቦካች በኋላ። አበባ የተጠለፈበትን ሽርጥ ይዛ መምጣት አያስፈልጋትም፤ የድሮው ከማድ ቤቱ በር ጀርባ፣ ከእኔው ሽርጥ አጠገብ እንደተሰቀለ ነው።