የመ/ር ይትባረክ ዲስክ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ረፋድ 4 ሰዓት

ዛሬም ያው። ማብሪያውን እጫናለሁ፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ ስክሪኑ ይበራል። ከዚያ አንድ መስመር፦ ሲስተም ዲስክ አስገባ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ።

ደብተሬ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ይህን ሎጂክ አናላይዘር ሳላስነሳ አልተውም። ሰርኪዩት ውስጥ የሚሮጠውን ምልክት በመስመር እየሳለ የሚያሳይ ማሽን ኮሌጃችን ሌላ የለውም፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥም ያለ አይመስለኝም። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። በራሱ አይነሳም፣ ማስነሻው ፍሎፒ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ የለም።

ዓርብ ኅዳር ሲታጠን ነው። እንደ ልማዱ ግቢው ይጸዳል፣ ቆሻሻው ይቃጠላል። ዘንድሮ እስቶሩም አብሮ ይጠረጋል ተብሏል። ማሽኑ ለቁርጥራጭ ብረት፣ መመሪያ መጽሐፉ ለእሳት። ይበልጥ ያናደደኝ መዝገቡ ነው፦ «በመ/ር ይትባረክ አያያዝ ጉድለት የተበላሸ»። ካውያ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ካቻቢቴ እንኳ ሳይጠርጉ አያስቀምጡም ነበር። ከዓመታት በፊት፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ይህን ጻፉባቸው፤ ማሽኑንም እስቶር ውስጥ ቆለፉበት። ማሽኑ ደህና መሆኑን ካሳየሁ መዝገቡ ይታረማል። አራት ቀን አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከምሳ በኋላ

የዲስክ ማንበቢያውን ፈታሁት። የላስቲክ ቀበቶው ቀልጦ ሬንጅ ሆኗል። ቴፕ ጠጋኙ አበጀ ከሞተ ካሴት ማጫወቻ አንድ አወጣልኝ። ትንሽ ይጠብቃል። ይሁን። ማንበቢያ ጭንቅላቱን በአልኮል ጠረግሁ። አበጀ አረቄ ይሻላል አለኝ፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረም። ሞተሩ ዞረ! ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

የእስቶሯ ወ/ሮ የሺ የድሮ ወጪ ቅጾችን አገላብጠው አገኙልኝ። ዲስኩ ዛሬም በመ/ር ይትባረክ ስም ነው። እሳቸው ሊመልሱት መጥተው፣ እስቶር ክፍሉ የተበላሸ ማሽን ዲስክ ምን ያደርጋል ብሎ መልሷቸው ነበር አሉኝ ወ/ሮ የሺ። ነገ ቡሬ፣ እሳቸው ዘንድ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። በሚኒባስ ስመለስ

መ/ር ይትባረክ ከቡሬ ወጣ ብሎ ዳጉሳ ያሳጭዳሉ። ከስተዋል። ዓይናቸውም ደክሟል። ጉልበት ልስም ስል ያዙኝ።

ዲስኩን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የውዳሴ ማርያም ማኅደር አወጡት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በፊርማ የወጣ ዕቃ ያለ ፊርማ አይሄድም ብለው አስፈረሙኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። አልገባ ካለ በመርፌ ሞክሪው፣ ቢላ አይንካው አሉኝ። በመርፌ ምኑን? አልገለጹም። ልሄድ ስነሳ ደግሞ ያልጠበቅሁት ጥያቄ፦ «ቋሚ ሆነሻል አይደል ልጀ?» ኧረ ከሆንኩ ስንት ዓመቴ! አልኳቸው። «እሽ፣ ተመስገን» ብለው ወደ ማሳቸው። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 3፡30

አልገባም አለ። ግማሽ ላይ ይቆማል። ዓይንህ ለአፈር አልኩት ማሽኑን።

4፡15

አየሁት። ዲስኩ ላይ የምትንሸራተት ቀጭን ብረት አለች፤ ማንበቢያው እሷን ገልጦ ነው የሚያነበው። ብረቷ ከፕላስቲኩ ጋር በነጭ ዘይት ቀለም ተጣብቃለች። የንብረት ቁጥር! ወንበር ላይ እንደሚጻፈው፣ በብሩሽ። የትኛው ደንቆሮ ነው?

4፡20

ሰባቷ ወገቧ ላይ ሰረዝ አላት። ሰባትን እንደዚያ የምጽፍ እኔ ነኝ።

የተቀጠርኩ ሰሞን፣ የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ፣ ለንብረት ቆጠራ ብሩሽ ሰጡኝ። ቁጥር የሌለው ዕቃ እንዳይቀር ተባልኩ። አላስቀረሁም፤ ስቴፕለር እንኳ። ማሽኑ ተበላሸ የተባለው በዚያው ሳምንት ነው። ደብተሬ፣ አፈርኩ።

ከምሳ በኋላ

ደወልኩላቸው። ያወቁት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው፤ ዲስኩን ቤታቸው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት። የእጅ ጽሑፌን ለይተውታል። ምነው ዝም አሉ? አልኳቸው። «እኔማ ወጥቻለሁ ልጀ። አንቺ ገና መግባትሽ ነበር።» ከዚያ ወዲያስ፣ ይህን ሁሉ ዓመት? ማንም አልጠየቀኝ አሉ።

አለቀስኩ። ከዚያ መርፌ ፍለጋ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 5 ሰዓት

ግቢው ከጠዋት ጀምሮ ጭስ ነው። ቀለሙን በመርፌ ከጠርዙ ፈለቀቅሁት። ብረቷን ጭራሽ አውልቄ ዲስኩን ራቁቱን አስገባሁት። ማሽኑ አንድ ጊዜ ቆመ። ቀጠለ። የማሽኑ የሥራ ዝርዝር ስክሪኑ ላይ መጣ! እልል ስል የጽዳት እናቶች እሳቱን ትተው መጡ፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረውኝ እልል አሉ። መጀመሪያ ያደረግሁት ቅጂ ማውጣት ነው። ካሉኝ አሮጌ ባዶ ዲስኮች የሠራው አንድ ብቻ። ይበቃል።

8 ሰዓት

የዲፓርትመንት ኃላፊው ደስ ብሎታል። ማሽኑ አይወጣም፣ ከሰኞ ጀምሮ ወርክሾፕ ይገባል። የቀለሙን ነገር ስነግረው ግን ሪፖርቱን «ተጠግኖ ሠርቷል» ብለሽ ዝጊው አለኝ። የድሮ ነገር መቀስቀስ ምን ይጠቅማል፣ የደረጃ ዕድገትሽ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለክፋት አይደለም፣ ሰውየው ያስብልኛል። እሽ ብዬ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መ/ር ይትባረክ የሉበትም።

ቀደድኩት።

10 ሰዓት

አዲሱ ገብቷል። ቁጥሩን ማን እንደቀባ፣ መቼ፣ ማሽኑ ለምን እንደቆመ፣ ከነሙሉ ስሜ። መ/ር ይትባረክ ላይ የተጻፈው እንዲሰረዝ። መዝገብ ቤት ማኅተም መትተው ቁጥር ሰጥተውታል። አልጸጸትም። ዲስኩንም ወ/ሮ የሺ ከእሳቸው ስም አውርደው በእኔ ስም አስፈረሙኝ።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ። ዓይናቸው ስለደከመ የሪፖርቱን ቅጂ እኔ አነብላቸዋለሁ።