ሰኞ ሰኞ የሚንኳኳ በር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6
ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ዛሬም አልተነሳችም። ወገቧ ነው። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ተኚ ብሏታል። ትልቋ ልጇ ፈቃድ ወስዳ መጥታለች፣ ትንሿ ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች! ሾርባ ይዤ ገባሁ። ከጤና ጣቢያ የምትመላለሰው ነርስም ብቅ ብላ «ያን የስፌት ማሽን ካልሸጥሽው አትድኚም» አለቻት። ሰፊዋ ሳቀችና ወገቧን ያዘች። «አታስቂኝ፣ ስስቅ ነው የሚያመኝ።»

ልወጣ ስል እጄን ይዛ አስቀረችኝና ምስጢሯን ነገረችኝ። ለካ ይህቺ ሴት... ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር የምትመርጠው ለወገቧ ይመስለኝ ነበር። ማን እንደቀረ ልታይ ነው! ሰኞ ሰኞ የቀረው ሰው ቤት ትሄዳለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። መጋቢው እንኳ አያውቁም። እኔ ግድግዳ ለግድግዳ የምኖረው አላወቅሁም... እኔ፣ ወሬ የማያመልጠኝ!

«አሁን አንቺ ሂጂልኝ።»
«ሄጄ ምን ልበል?»
«ምንም። ያገኘሽውን ሥራ አግዢ።»

ሰኞ፣ ጥቅምት 13
ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት እሁድ ቀርታለች። ሄድኩ። ሊጥ ማቡካት እያገዝኳት የሆዷን አወጣችው። ባሏ ልብሱን ሰብስቦ ወጥቷል። ለልጆቹ «አባባ ለሥራ ሄዷል» ብላቸዋለች። አብረን አለቀስን። ስመለስ ትልቅ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

እሁድ፣ ጥቅምት 19
ምን ነካኝ? መጋቢው «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲሉ ብድግ አልኩ። «ባሏ ጥሏት ለሄደባት እህታችን፣ ለዳቦ ጋጋሪዋ እንጸልይ» አልኩ። ጉባኤው «ጌታ ሆይ!» አለ። መጋቢው «እንዲህ ያለ አገልጋይ ያብዛልን» ብለው አጨበጨቡ፣ ሰዉም ተከተለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ዞር ስል... በሩ ጋ ቆማለች። ዛሬ መጥታለች! ልጆቿን ይዛ። ትንሿ ልጇ ቀሚሷን እየጎተተች «እማዬ፣ አባባ ጥሎን ነው እንዴ የሄደው?»
እኔ ድረስ ተሰማ። ወጡ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20
አልከፈተችም። ዳቦ ጋጋሪዋ ከውስጥ ሆና «ጉዴን ለጉባኤ አነበብሽው፣ አሁን ምን ቀረሽ? ሂጂ!»
ለሰፊዋ ነገርኳት። የምትጮኽብኝ መስሎኝ ነበር። ጣሪያውን አየች።
«እኔም በመጀመሪያው ዓመት በአፌ አንድ ሰው አጥቻለሁ።»
«ተመለሰ?»
«አልተመለሰም።»
ቀጥላም፣ «ባትከፍትልሽም ሂጂ» አለች።
ይህቺም ባትመለስስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23
መጋቢው ቤት መጡ። የጉብኝት ክፍል ሊያቋቁሙ ነው። «መሪዋ አንቺ ነሽ እህቴ። እሁድ ፊት አቁመን እንጸልይልሻለን።» ከሳምንት በፊት ቢሆን የምለብሰውን ሳስብ ባደርኩ...
«ፊት አያቁሙኝ» አልኩ።
«እንዴት ያለ ትሕትና ነው!»
«ትሕትና አይደለም መጋቢ፣ እፍረት ነው።» ሁሉን ነገርኳቸው።
ኮፍያቸውን አዟዟሩት። «እኔም እኮ አጨብጭቤያለሁ» አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27
አልከፈተችም። ደጃፏ ላይ የመጋገሪያ ትሪዎች ተቆልለዋል፣ ያልታጠቡ። ውጭ ቧንቧ አለ። አጥቤ ደርድሬ ተመለስኩ። ቃል ሳልተነፍስ። እኔ!

ሰኞ፣ ኅዳር 4
ዛሬም ትሪ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ልጨርስ ስል በሩ ገርበብ አለ።
«ሳሙናው አልለቀቀም። ዳቦዬ ሳሙና ሳሙና ሊል ነው።»
ደግሜ አለቀለቅሁ።
«ግቢ አላልኩሽም!»
አላለችም። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11
ሦስት ቤት ሄድኩ። ሦስቱም አስገቡኝ።
ባሌ «እህ፣ ዛሬስ ምን ወሬ አለ?» ሲለኝ «ብርድ ነው» አልኩት። ግንባሬን ዳሰሰው፣ የታመምኩ መስሎት።
ለዚህ ደብተርም መልሴ ያው። ብርድ ነው።