ፊት የሚያነሡት መምህር አዝመራው ታፈረ (1953–2017 ዓ.ም.)

መምህር አዝመራው ታፈረ ከአባታቸው ከአቶ ታፈረ ካሤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጌ አየለ በኅዳር ወር 1953 ዓ.ም.፣ ገብሱ ታጭዶ ገና ባልተወቃበት ሰሞን፣ ከሙጃ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የላሊበላ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወዳጆች ማኅበር ላዘጋጅ ብሎ በደብዳቤ ጠይቆ ነበር። ቤተሰቡ አመስግኖ ደብዳቤውን መልሷል፤ ጽሑፉንም ለእኅታቸው ልጅ ለአስቻለች ሰጥቷል። ምክንያቱን ሰሚ እየቆየ ይረዳዋል።

መምህር አዝመራው በአጥቢያቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። አንደኛ ደረጃን በሙጃ፣ ሁለተኛ ደረጃን በላሊበላ ተምረው፣ ደሴ ላይ በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በላሊበላ ጂኦግራፊ አስተማሩ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓይናዲስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ንጋትንና ደሳለን አፈሩ።

አባታቸው አቶ ታፈረ በ1977ቱ ረሃብ እህል ፍለጋ እንደወጡ በሰው አገር ቀሩ። መርዶው ሲመጣ ሬሳ የለ፣ ፎቶ የለ። በእኛ አገር መርዶ ሲለቀስ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ በልቅሶው መካከል ይዞራል፤ አልቃሽም እሱን እያየ ያለቅሳል። ለአቶ ታፈረ ግን የሚያዝ ነገር ጠፍቶ አሮጌ ጋቢያቸውን ዘርግተው አለቀሱላቸው። መምህር አዝመራው ያንን ጋቢ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. ክረምት ደሴ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ዕቃውን ሲሸጥ፣ የሁለት ወር ደመወዛቸውን ከፍለው ዜኒት ካሜራና የፎቶ ማጠቢያ ዕቃ ገዙ። ፎቶ የሚታጠበው በጨለማ ነውና ጓዳቸውን በብርድ ልብስ አጨለሙ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ገበያ እየወጡ ገበሬውን ፊት ለፊት አቁመው ያነሣሉ፤ በሳምንቱ አጥበው አንድ አንድ ቅጂ ይሰጣሉ፣ አንድ አንድ ደግሞ በሣጥን ያስቀራሉ። ቀና በሉ፣ ወደ እኔ እዩ፣ ባርኔጣውን ከግንባር ከፍ አርጉት፤ ሌላ ጥበብ አልነበራቸውም፤ አልፈለጉምም።

በ2006 ዓ.ም. ከላይ የተባለው ማኅበር ሲቋቋም መምህር አዝመራው አባል ሆኑ። ስምንት አባላት ነበሩ። ከስምንቱ ሰባቱ በስልክ አንሥተው ቀለሙን በአንድ ጣት የሚያጠፉ፣ ይህንንም የጨለማ ክፍል ሥራ ብለው የሚጠሩ ናቸው። ሊቀመንበሩ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ የሆኑት አቶ ሰውአገኝ ናቸው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሆቴሉ አዳራሽ ተሰብስበው ፎቶ በግድግዳ ይሰቅላሉ። ደንባቸው አንድ ነው፦ ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ባለፎቶው ዝም ይላል። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ የአንድ የድንጋይ ደረጃ ጥላ አንሥተው ሦስት ሰዓት ሲያወሩበት ይውላሉ። ጥላው ይናገራል ይላሉ። ጥላ ምን እንደተናገረ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

የመምህር አዝመራው ፎቶ ሲሰቀል ግን ወሬው ያጥራል። አቶ ሰውአገኝ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “መምህር፣ ይኼ እኮ የቀበሌ መታወቂያ ነው። ፊት ሙሉውን ከታየ ምሥጢሩ የት አለ?” ይላሉ። የቀሩትም ይስቃሉ። መምህር አዝመራው በደንቡ መሠረት ዝም ብለው ቆይተው፣ ተራቸው ሲደርስ “እሺ፣ ይሁን” ብለው ፎቷቸውን ይጠቀልላሉ።

ማኅበሩን ለምን አልተዉትም ይባል ይሆናል። የፎቶ ወረቀቱና የማጠቢያ መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በማኅበሩ በኩል ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን፣ አንድ ቀን እንኳ “ደግ ነው” እንዲሏቸው ይሹ ነበር። ያን የመሰለ ሰው ከእነዚያ ሰዎች ምስጋና መጠበቁ ቤተሰቡን ዛሬም ያንገበግበዋል።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ማግሥት ወይዘሮ ጽጌማርያም የተባሉ እናት ከጋሸና በኩል በእግራቸው መጡ። የልጃቸው መርዶ ደርሷቸው ነበር፤ ቤታቸው በመቃጠሉ ፎቶው አብሮ ነዷል። ልጁን ከሦስት ዓመት በፊት ገበያ ላይ ያነሡት መምህር ነበሩ። ያው ማኅበሩ የቀበሌ መታወቂያ ብሎ የሳቀበት ፎቶ ነው። ከሣጥን አውጥተው ሲሰጧቸው እናትየው በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ “ውይ ልጄን! ይኸው መጣልኝ” አሉ። በዚያ ዓመት እንዲህ የሟች ፎቶ ፈልገው የመጡ ቤተሰቦች አርባ ሦስት ናቸው። ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ማኅበሩ ይህን ሲሰማ ምን አደረገ? አቶ ሰውአገኝ የልጁን ፎቶ ለማኅበሩ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጠየቁ፤ ያውም ፊቱ ተቆርጦ አንድ ዓይኑ ብቻ ቢቀር ይሻላል ብለው። መምህር አዝመራው በዚያን ቀን ብቻ ደንቡን ጣሱ። ተራቸው ሳይደርስ ተነሥተው፣ “እናቱ ለአንድ ዓይን አታለቅስም” ብለው ወጡ። በሚቀጥለው ስብሰባ አዝነውላቸው ተመለሱ። እንዲህ ያሉ ቸር ሰው ነበሩ፤ እኛ ብንሆን አንመለስም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በላሊበላና በደሴ ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

እንዳረፉ አንድ ጉድ ገጠመን። የሺሕ ሰው ፊት ያነሡ ሰው የራሳቸው ፎቶ ጠፋ። ለልቅሶው የሚያዝ፣ ለዚህ ጽሑፍ ሽፋን የሚሆን ቢኖር ብለን ማኅበሩን ጠየቅን። ለዐሥራ አንድ ዓመት ሲያነሷቸው ኖረዋልና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ አንድ ፎቶ በቴሌግራም ላኩልን። እጃቸው አለ። ጀርባቸው አለ። ጫማቸው አለ። በበር ሲወጡ ጥላቸው ግድግዳው ላይ አለ። አቶ ሰውአገኝ “ዝምታ” ብለው የሰየሙት፣ ግማሽ ጆሮ በጨለማ ውስጥ አለ። ከሠላሳ አንዱ መምህር አዝመራው ናቸው ብለው እናታቸው እንኳ ቢኖሩ የሚለዩት አንድም አልተገኘም። ልጃቸው ንጋት ስልኩን ጥላ፣ “ለአባቴ ጫማ ላልቅስ?” ብላ ጮኸች።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ያኔ ከአልጋ ሥር ያለውን የእንጨት ሣጥን አስወጡ። ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በትልቁ የታጠበ አንድ ፎቶ ተገኘ። በ1996 ዓ.ም. ራሳቸው ወይዘሮዋ በዜኒቱ ያነሡት ነው። ዘንበል ብሏል፤ ጥጉን ጣታቸው ሸፍኖታል። መምህር አዝመራው ግን መሐል ላይ ሙሉ ፊታቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከጀርባው መምህሩ ኋላ ላይ በእርሳስ እንዲህ ጽፈውበታል፦ “ለልቅሶዬ ይህን ያዙ። ከማኅበሩ አትጠብቁ።”

መምህር አዝመራው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት እኅታቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሰውን ሁሉ በሙሉ ፊቱ የሚያውቅ አምላክ ፊታቸውን በብርሃን ይቀበልልን፤ ቤተሰባቸውንም ያጽና።

ዛሬ ፎቷቸውን ከፍ አድርገው ከልቅሶው ፊት እንዲቆሙ ቤተሰቡ የመረጠው አቶ ሰውአገኝን ነው። ፎቶው ዘንበል ማለቱን፣ ጣትም እንዳለበት አይተናል። ባለፎቶው በደንቡ መሠረት ዝም ብለዋል፤ አቶ ሰውአገኝም ዛሬ ዝም ብለው ቀጥ አድርገው ይያዙልን።