ሙሰዓብ መድረክ የወጣ ዕለት

ሐርጌሳ፣ ኮድቡር
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዊዳድ አባት፣ ለኢርፋን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱ። እኔም ልጅህም በአላህ ፈቃድ ደህና ነን። ያንተን ደህንነት ግን የምሰማው ከመንገደኛ ነው፤ ስልክህ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ዝም። ስለዚህ ይህን ጽፌ ለሾፌሩ ለጂብሪል ሰጠሁት። እጅህ ላይ ሳያኖር እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

ቁም ነገሩን ላስቀድም። ዊዳድ አሸነፈች። በሀገር ቤት ሙዚቃ ሽልማት ላይ የዓመቱ አዲስ የገጠር ድምፅ ብለው ዋንጫ ሰጧት። ከአረፋ በፊት ደግሞ ጅቡቲ ወስደው ሊያዘፍኗት ነው። ግን አዘጋጇ ፊልሳን «ያላገባች ልጅ ያለ አባቷ ቃል ድንበር አላሻግርም» አለችኝ። «እናቷ አለሁ አይደል?» ብላት፣ «እናትማ መቼ እምቢ ትላለች» ብላ ሳቀችብኝ። በሽቄ ወጣሁ። ያንተ ቃል ካልመጣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይሰጡባታል።

አሁን የወንድምህን ጉድ ስማ። ሙሰዓብን ልጅቷን ከመድረክ እንዲያወርድልህ ልከኸው አልነበር? ከድሬዳዋ መጣልህ። ጫማውን ሳያወልቅ «የት ናት? ወንድሜ ዘፋኝ አልወለደም!» አለ። ምሳውን ግን ጥርግ አድርጎ በላ። ሽልማቱ የዚያኑ ዕለት ስለነበር «በገዛ እጄ ጎትቼ አመጣታለሁ» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ከጎኔ ገባ።

ሥነ ሥርዓቱም ሌላ ንዴት። ከአሱር ሶላት በኋላ ይጀመራል ተብለን፣ መግሪብ ሰግደንም ባለሥልጣን ይጠበቃል። ከዚያ ንግግር፤ ስለ ንግግሩ ምስጋና፤ ከምስጋናው በኋላ ሌላ ንግግር። መሀል ላይ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ግመል ውሃ ሲያጠጡ የሚዘፈነውን የዘፈኑት ሽማግሌ ማይኩ እምቢ ቢላቸው ትተውት በባዶ ድምፃቸው ጨረሱት። ከሁሉም እሳቸው ደስ አሉኝ።

ዊዳድ ወጥታ ምን ዘፈነች መሰለህ? ያንን የማሽላ ኩትኳቶ ዜማ፣ አንተ ዳቦ ቤት ሊጥ ስታቦካ የምታንጎራጉረውን። እኔ አላስተማርኳትም፤ ድምፄን ታውቀዋለህ። ግማሹን በኦሮምኛ እንዳለ ትታ፣ ግማሹን ራሷ በሶማልኛ ገጥማዋለች። ሰዉ መጀመሪያ ግር አለው፣ ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረ። እዚህ የወደዱትን ዘፋኝ የፕላስቲክ አበባ አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል፤ ሴቶቹም እየወጡ አጠለቁላት። ዞር ስል ሙሰዓብ ከወንዶቹ በኩል ተነስቶ ወደ መድረኩ እያመራ ነው። ሊጎትታት ነው ብዬ ብድግ አልኩ።

ወጣልህና ከኪሱ ከድሬ ይዞት የመጣውን የመቶ ብር ኖት መዘዘ። ምራቁን ቀባ አደረገበት። ከዚያ የልጅህ ግንባር ላይ ለጠፈው! ልክ እንደ ድሬ ሠርግ! ሰው ሻይ እንኳ በስልኩ በሚከፍልበት አገር፣ ባዳ ወንድ የሴት ልጅ ፊት በማይነካበት አዳራሽ! ሙዚቃው ቆመ፣ ሴቶቹ ጮኹ፣ ጥበቃዎቹ ብብቱን ይዘው አንጠለጠሉት። እሱ በአማርኛ «ሸለምኳት እንጂ ምን አደረግኳት!» ይላል። ማን ይሰማዋል? ኢርፋን፣ ወንድምህ እያለቀሰ ነበር። ኋላ ስጠይቀው «የአባታችንን ማሳ አየሁት» ብቻ አለኝ።

ዊዳድ ማይኩን አንስታ በሶማልኛ «ልቀቁት፣ አጎቴ ነው፣ የአባቴ ወንድም። እኛ ዘፋኝ የምናከብረው እንዲህ ነው» አለቻቸው። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ዋንጫውን ስትቀበልም ብሩ ግንባሯ ላይ ነበር። ዛሬ ዋንጫውን ለጎረቤት ሁሉ እያዞረ የሚያሳየው ሙሰዓብ ነው፤ አንተን ፈርቶ ግን መደወል አልቻለም።

መድረክ መሪው ናጂብ አላበቃም። «አጎት እንዲህ ከሆነ አባትየውስ? ይነሳና እንየው!» አለ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን እያዞረ ፈለገህ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተናድጃለሁ ኢርፋን። በናጂብም፣ በፊልሳንም፣ ከሁሉም በላይ ባንተ ተናድጃለሁ። ከረመዳን በፊት «ወይ ዘፈኑ ወይ እኔ» ብለህ ዳቦ ቤቱን ቆልፈህ ሄድክ። ደንበኞች ሲጠይቁኝ «ድሬ ዱቄት ሊገዛ ሄዶ ነው» እላለሁ። ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ምን ዓይነት ዱቄት ነው? ልጅቷ ያንተን ዜማ ዘፈነች እንጂ ምን በደለችህ? ሌላ ዘፈን አጥታ ይመስልሃል?

ቤቱ ያላንተ ሰፍቶኛል። ይህን ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር።

ዊዳድ ለናጂብ የመለሰችውን ልንገርህ። ወደ እኔ እንኳ አላየችም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «አባቴ መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው» አለች። ሰዉም አጨበጨበላት። አሁን ሱቅ ብሄድ፣ ባጃጅ ብይዝ፣ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም «ደረሰ ወይ?» ይለኛል።

አላህ መንገድህን ገር ያድርግልህ።

የዊዳድ እናት
ሀፊዛ