ሦስት አጫጭር መጋረጃዎች

ለማከብርሽና ለምትናፍቂኝ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በተሰበረ ልብ አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፤ ይህ ወረቀት ከሒሳብ ደብተሬ መሃል የተገነጠለ ነው። በዚህች ሰዓት ሃያ የክፍልፋይ ጥያቄዎች እየሠራሁ ነው ተብሎ ይታመናል። የምታምነዋ ሴት ደግሞ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ አንቺም እንዳትናገሪ።

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ አልለቅ ያለሽ ወገብሽስ እንዴት ሆነ? እኛ ደህና ነን፤ ከእግሬ በስተቀር። ከደረጃ ወድቄ መሰበሬንና እስከ ጉልበቴ ጀሶ ውስጥ መሆኔን ሰምተሻል። ያልሰማሽው እናቴ አስተማሪ መሆኗን ነው።

ሐኪሙ ሁለት ወር ከቤት እንዳልወጣ አዘዘ። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ደግሞ "ቤት የሚያስተምራት ካለ ፈተናውን ከክፍሏ ጋር ትወስዳለች፤ ከሌለ ግን ሰባተኛን ትደግማለች" አሉ። አባቴ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እናቴ "እኔ አለሁ" አለች።

እንግዲህ ትምህርት ቤታችንን ልንገርሽ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብርጭቆ በማንኪያ ትመታለች፤ ደወል መሆኑ ነው። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ያንን ባለ ረጅም ተረከዝ የሠርግ ጫማዋን ታጠልቃለች። ጫማው እግሯ ላይ ካለ ቲቸር ናት፤ "እማዬ" ብላት አትሰማም። ድስቱ ሲገነፍል አውልቃው ትሮጣለች፤ ያኔ ደግሞ እናቴ ትሆናለች። የስም መዝገብም አላት፤ የተማሪ ብዛት አንድ። ባለፈው ሽንት ቤት ስለዘገየሁ ቀሪ ተብያለሁ፤ በአንድ እግሬ እየነጠርኩ ለመጣሁት! ትንሹ ወንድሜ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ጠመኔ ይበላል። አባቴ ከሥራ ሲገባ "ዳይሬክተሯ ቢሮ አሉ?" ይላል። እሷም "ወላጅ ያለ ቀጠሮ አይገባም፤ እግረ መንገድህን ግን ልብሱን ከገመድ ላይ አውርድ" ትለዋለች።

ሳቁ ግን ሁለት ሳምንት አልዘለቀም። አንዱን ገጽ ሳንጨርስ ልብስ የምታሰፋ ደንበኛ ታንኳኳለች፤ የዚህችኛዋ ዚፕ ተበላሽቷል፣ የዚያችኛዋ ቀሚስ ሰፍቷል። እናቴ ተመልሳ "የት ነበርን?" ትለኛለች። ሳሳያት መጽሐፉን ትክ ብላ ታየውና "ራስሽ ብትሞክሪው ይሻላል" ትላለች። ይኸው ነገር ሲደጋገም በገንኩ። ፈተናው እየቀረበ ነው። ከደገምኩ አብሮኝ የሚቀመጠው ያ ንፍጡን በእጅጌው የሚጠርገው የጎረቤት ልጅ ነው። ስለዚህ አውቃ እየሸሸችኝ እንደሆነ ልፈትናት ቆረጥኩ።

ማክሰኞ ዕለት መድኃኒት ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ለሦስት እኩል መስኮቶቿ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ አመጣች፤ አምስት ሜትር ከሩብ፣ በልኩ የተገዛ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናቴ ጨርቁን ሦስት ቦታ አጥፋ ቀጭ ቀጭ ታደርገው ነበር፤ ቁጥር የሚባል ነገር ሳይነሳ። የዚያን ቀን ግን ጫማውን አድርጋለች። "ይኸውልሽ ሒሳብ በተግባር! ለሦስት አካፍዪና ለአንዱ መስኮት ስንት እንደሚደርሰው ንገሪኝ" አለች።

አንድ ሜትር ከሦስት ሩብ ነው። ወዲያው አውቄዋለሁ። "አንድ ሜትር ተኩል" አልኳት። ጆሮዬን እስክትቆነጥጠኝ ጠበቅኩ።

"ጎበዝ!" አለችና መቀሱን አነሳች።

አክስቴ፣ "ቆይ" ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ያን ጊዜ ፊቷን ብታዪው! እኔን ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ኮርታ አይታኝ አታውቅም። ጨርቅ ሲተርፍ ጭራሽ ደስ አላት። "አየሽ፣ ሒሳብ ማለት ቁጠባ ነው" ብላ ለትንሹ ወንድሜ ቁምጣ አሰበችለት።

ሐሙስ ጎረቤታችን መጋረጃዎቿን ታቅፋ መጣች። መስኮቱ ላይ ሲሰቀሉ ሱሪ ያጠረበት ጎረምሳ መስለዋል አሉ። "አንቺ ልጅሽን ስታስተምሪ የእኔ መስኮት ምን በደለሽ?" አለቻት። እናቴ መጋረጃዎቹን ተቀበለቻት። ቁጥሩን የሰጠኋት እኔ መሆኔን እንኳን አልተናገረችም። በሩን ዘጋች፣ ጫማውን አልጋ ሥር ወረወረችው።

ዛሬ እነዚህን ሃያ ጥያቄዎች ሰጥታኝ "የመጨረሻ ነው" አለች። ሰኞ ለርዕሰ መምህሩ "አልቻልኩም" ብላ ልትልክላቸው ነው። "ስድስተኛን ያልጨረስኩት ሴትዮ ሰባተኛን ላስተምር? የድፍረቴ ድፍረት!" አለች። አለመጨረሷን የሰማሁት ያኔ ነው። ለምን እንዳቆመች ብጠይቃት "በዚያ ዓመት ቤታችን የተሰፋው ዩኒፎርም አንድ ብቻ ነበር፤ ለእኔ ደግሞ ይጠበኝ ነበር" አለችኝ። ለማን ልክ እንደነበር ስጠይቃት የስፌት ማሽኑን መርገጥ ጀመረች። ማሽኑ ሲጮህ ምንም አይሰማም።

የምለምንሽ ይኸውና፤ ደውዪላት። አንቺ ዩኒቨርሲቲ የዘለቅሽ ሰው ነሽ፤ ስምሽ ሲነሳ ወገቧን ቀጥ ታደርጋለች። በርቺ በያት። አውቄ እንደዋሸኋት ግን አትንገሪያት። ራሴ ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስት ጊዜም ውሃ ስጪኝ ብዬ ተመልሻለሁ። አሁን ደግሞ

እዚህ ላይ ያለው ጭረት የድንጋጤ ነው። የሽንኩርቱ ክተፋ ድምፅ ማቆሙን ልብ አላልኩም። በሙሉ ስሜ ጠራችኝ፤ የአባቴን ስም ጨምራ። ወረቀቱን ወሰደችና ቆማ፣ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ "ሽንኩርቱ ነው" አለች። ጆሮዬን አዘጋጀሁ።

"ታዲያ ስንት ነበር?" አለችኝ።

ነገርኳት። "አሳዪኝ" አለች። አምስት ከሩብ ሃያ አንድ ሩቦች እንደሆነ፣ ለሦስት ሲካፈል ሰባት ሰባት ሩብ እንደሚደርስ አሳየኋት። "እንደገና" አለች። ሦስተኛው ላይ እርሳሱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ለየአንዳንዱ መጋረጃ ስንት እንደጎደለ ገና ሳስብ "ሩብ" ብላ ቀደመችኝ። የተረፈውን ጨርቅ አምጥታ ሦስት ቦታ አጠፈችው፤ ልክ ሩብ፣ ሩብ፣ ሩብ። ቁምጣው ቀረ፤ መጋረጃው ግርጌው ላይ ይቀጠላል። ጎረቤታችን ቅጥሉን ከጠላችው "ፋሽን ነው" ልንላት ተስማምተናል። ጆሮዬ ግን አልተረፈም፤ እስካሁን ይግላል።

ሰኞ ምን እንደምትልክ አልነገረችኝም። ሃያዎቹን ጥያቄዎች ግን ተካፍለናል፤ አሥሩ የእሷ ናቸው። ደብዳቤውንም ላኪው ብላኛለች፤ የዩኒፎርሟን ነገር ከሰረዝኩ በኋላ። እሺ ብያታለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ወገብሽን ይማርልኝ፤ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ። ከዚህ በላይ እንዳልጽፍ ከጠረጴዛው ማዶ እየጠራችኝ ነው፤ አራተኛው ጥያቄ ላይ ተጣብቃለች።

እሺ ብላ ያልሰረዘችው
የእህትሽ ልጅ